አግዳሚ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ በሚቀጥለው ወር አምስት ዓመት ይሞላታል፤ ትንሹ ያኔ ስምንት ወሩ ይሆናል። ለልደቷ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ እንደምንወስዳት ቃል የገባንላት ትንሹን ሳልፀንስ ነው፤ አሁን ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ነው። ባለቤቴ በሩ ሲከፈት ገብተን ማታ ርችቱን አይተን እንውጣ ይላል። ታላቅ እህቴ ደግሞ ‹እንዲህ ያለ ቦታ ጨቅላ ይዞ መሄድ ልጁን ማንገላታት ነው፤ አንድ ዓመት ቆዩ› ትለኛለች። ልጄ ጡት ይጠባል፣ ምግብ ጀምሯል፣ ቀን ቀን ሁለቴ ይተኛል። ሰው መለየት ስለጀመረ የማያውቀው ሰው ሲያቅፈው ያለቅሳል። ምን ይዤ ልሂድ? ቀኑንስ እንዴት ላቅደው? እውነቱን ለመናገር ግን የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እነሱ ሲጫወቱ እኔ ሕፃን ታቅፌ አግዳሚ ወንበር ላይ የምውል ይመስለኛል። ይህን ለባለቤቴ መንገር ራስ ወዳድነት ሆኖ ታየኝ።»

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ሂዱ። የአምስት ዓመት ልጅ በጣቷ እየቆጠረች የምትጠብቀውን ቀን ያለ ከባድ ምክንያት አታዛውሩባት። እህትሽ ለሕፃኑ አዝና እንደተናገረች አልጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ዓመት ብትቆዩ ቀለል ያለ ቀን የምታገኙ አይመስለኝም። ያኔ ልጁ ሃያ ወር ይሆነዋል፤ ይሮጣል፣ ጋሪ ውስጥ አልቀመጥም ይላል፣ እህቱ የገባችበት ሁሉ ልግባ ብሎ ያለቅሳል፣ ቁመቱ ግን አያስገባውም። የስምንት ወር ልጅ ግን ደረትሽ ላይ ሆኖ የሚያልፍ የሚያገድመውን ማየት ይበቃዋል። ሆዱ ከጠገበ፣ እንቅልፉን ካገኘ፣ ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነና የሚያውቀው ፊት አጠገቡ ካለ የትም ቢሆን ደስተኛ ነው።

ጉዞውን አዘግዩ የምልሽ በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንደኛው ልጁን በዚያ ሳምንት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዘው ነው። ሁለተኛው በምትሄዱበት አካባቢ ኩፍኝ ገብቷል ከተባለ ነው፤ ይህን በቀላሉ እንድታልፊው አልፈልግም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ከሚገኙት የዲዝኒላንድ ፓርኮች የተነሣ የኩፍኝ ወረርሽኝ ከ100 በላይ ሰዎችን ይዟል። ከታመሙት መካከል ዕድሜያቸው ለክትባቱ ያልደረሰ ሕፃናት ነበሩ። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት እንደየአገሩ በ9 ወይም በ12 ወር ስለሚሰጥ የአንቺም ልጅ ገና አልተከተበ ይሆናል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ አንድ ወር ያህል ቀደም ብለሽ ሐኪሙን አማክሪ፤ ሥጋት ካለ ክትባቱ ቀደም ብሎ የሚሰጥበት አጋጣሚም አለ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ዕቅድ ልምጣ። በሩ ሲከፈት ገብቶ ከርችቱ በኋላ መውጣት ማለት አሥራ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ውጭ መዋል ነው። በልጅሽ ዕድሜ ያለ ሕፃን ደግሞ በቀንና ሌሊቱ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ቀን ውስጥ አብረው አይገቡም። ባለቤትሽ እንዲህ ያለው ከክፋት አይደለም፤ ትኬት የገዛ ሰው ሁሉ የከፈለበትን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሊጠቀምበት ይፈልጋል።

እኔም አድርጌዋለሁ። የበኩር ልጄ ሰባት ወሩ ሳለ ከባለቤቴ ጋር እንዲህ ያለ ቦታ ሄደን፣ ከቀኑ አጋማሽ ጀምሮ ልጁ ዓይኑን እያሸ እየነጫነጨ ሳለ «ለርችቱማ እንቆይ» ተባባልን። ርችቱ ሲፈነዳ ልጄ ሰውነቱ ደርቆ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ለመውጣት ብንል ሺህ ሰው ዙሪያችንን ቆሟል፤ ጋሪው ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ያን ሌሊት እኔና ባለቤቴ ሳንነጋገር ነው ቤት የገባነው። ስለዚህ የምትወጡበትን ሰዓት ማታ ቤታችሁ ሳላችሁ ወስኑ። ፓርኩ ውስጥ ሆኖ፣ ሙዚቃውና መብራቱ እየጠራ፣ «አሁን ይብቃን» የሚል ሰው አይገኝም። ርችቱን ለትልቋ ልጅ ማሳየት ግድ ከሆነ ባለቤትሽ እሷን ይዞ ይቆይ፤ አንቺ ሕፃኑን ይዘሽ ቀድመሽ ውጪ። አራታችሁም የምትቆዩ ከሆነ ግን ከርችቱ ራቅ ብላችሁ መውጫው አጠገብ ቁሙ፤ ለሕፃኑም ጆሮውን ከውጭ የሚሸፍን የድምፅ መከላከያ አድርጉለት። ጆሮው ውስጥ የሚገባውን ትንሽ መድፈኛ አትጠቀሙ፤ ወልቆ አፉ ሊገባ ይችላል።

ቀኑን በልጁ ሁለት እንቅልፎች ዙሪያ አቅጂው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሕፃናት ከነቁ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቆይተው እንቅልፍ ይመጣባቸዋል፤ የአንቺን ልጅ ልማድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሰልፉ አጭር የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ስለሆነ ትልቋ በጣም የምትጓጓላቸውን መጫወቻዎች ያኔውኑ ጨርሱ። ሕፃኑም በዚያን ሰዓት ነቅቶ፣ ጠግቦ፣ ሁሉን በጉጉት የሚያይ ነው። የመጀመሪያው እንቅልፍ ሲደርስ ጋሪው ውስጥ አስተኝታችሁ ጥላ ባለበት መንገድ እየገፋችሁ ሂዱ። ፀሐዩ ሲበረታ ጣሪያ ያለው ትርዒት፣ የዓሣ ማሳያ ወይም ምግብ ቤት ግቡ። ከሁለተኛው እንቅልፍ በፊት ወይ ወደ ማረፊያችሁ ተመልሳችሁ አርፋችሁ ምሽቱን ለአጭር ጊዜ ትመጣላችሁ፣ ወይ ከነጭራሹ ትወጣላችሁ። እኔ ብሆን እወጣለሁ። አምስትና ስድስት ሰዓት የቆየች የአምስት ዓመት ልጅ ቀኑ አጠረብኝ አትልም፤ እሷም ደክማለች።

ያነሰ ነገር ማየታችሁ ያንገበግብሽ ይሆናል። ትልቋን «ከሁሉም በላይ የምትፈልጊው የትኞቹን ሦስት ነው?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂያት። ሦስቱ ከተሟሉ ልደቷ ሞላ ማለት ነው፤ ሌላው ምርቃት ነው።

ሦስቱን ከመምረጧ በፊት ግን ቁመቷን ለኪያት። ብዙ ፈጣን ባቡሮች ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያም በጣም ይበልጣሉ። የአምስት ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት 109 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ወደ አንዳንዱ ትገባለች፣ ወደ ሌላው አትገባም። ፓርኮች የእያንዳንዱን መጫወቻ የቁመት ገደብ አስቀድመው ያወጣሉና አብራችሁ አንብቡት። በልደቷ ቀን ግማሽ ሰዓት ተሰልፋ፣ መለኪያው ሥር ቆማ «አይሆንም» ከምትባል ቤት ሆና ብታውቀው ይሻላል።

እነሆ አሁን በደብዳቤሽ መጨረሻ ወዳስቀመጥሽው ነገር ደረስኩ። ከሁሉ በላይ ልመልስልሽ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ከልጅሽ ልደት አንዱን ክፍል ለራስሽ መፈለግሽ ራስ ወዳድነት አይደለም። ልጅቷ የመጀመሪያው ባቡር ቁልቁል ሲወርድ የምትይዘው እጅ የማን እንደሆነ ታስታውሳለች። ስምንት ወር ሙሉ ሕፃን ስታባብዪ፣ ጡት ስታጠቢ፣ ገላ ስታጥቢ ስታይሽ የኖረች ልጅ እናቷን ለብቻዋ ማግኘት ትፈልጋለች፤ ምናልባትም ከባቡሩ ይልቅ የናፈቃት እሱ ነው። እናም አንቺ ወንበሩ ላይ ከዋልሽ የሚጎድልባት እሷም ናት።

ለዚህ ፓርኮቹ ራሳቸው ያበጁት ዘዴ አለ። በዲዝኒ ፓርኮች ራይደር ስዊች፣ በዩኒቨርሳል ፓርኮች ቻይልድ ስዋፕ ይሉታል፤ ሌሎች ብዙ ፓርኮችም በራሳቸው ስም ይሰጡታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ወደ መጫወቻው መግቢያ ሄዶ ሕፃን መያዙን ለሠራተኛው ይነግራል። አንደኛው ወላጅ ሲገባ ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይጠብቃል፤ የገባው ሲመለስ ሕፃኑን ይቀበልና የጠበቀው ሰልፉን እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። በብዙ ቦታ ትልቋ ልጅ ከሁለተኛው ወላጅ ጋር ደግማ እንድትገባ ይፈቅዱላታል፤ ከሕፃን ወንድም የምታገኘው ትልቁ የልደት ስጦታ ይህ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ እንደየፓርኩ ስለሚለያይ መግቢያው ላይ ጠይቁ። ሁሉም መጫወቻ ላይ ግን በራሱ አይሰጣችሁም፤ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

የኔ ምክር ይህ ነው፦ በመጀመሪያው መጫወቻ ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ ሁኚ። መጀመሪያ የጠበቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ሲሆን በብዙ ቤተሰብ አይቻለሁ፣ ማንም ሆነ ብሎ አያደርገውም። ከመግባትሽ በፊት ልጁን አጥቢው፤ አባቱ ረዘም ያለ ሰላማዊ ጊዜ ያገኛል። ሰው መለየት በጀመረ ልጅ ላይ ግን ይህን በዚያው ዕለት መጀመር አይቻልም። ከአሁን ጀምሮ ባሉት ሳምንታት አባቱ በማዘያው ደረቱ ላይ አድርጎ ሠፈሩን ይዙርበት፣ ያስተኛው፣ ያብላው። አንቺ ሳትኖሪ ከአባቱ ጋር መረጋጋትን የለመደ ሕፃን በፓርኩ ጫጫታ ውስጥም ይረጋጋል።

ለባለቤትሽ ምን ልበለው ብለሽ እንዳትጨነቂ። እንዲህ በዪው፦ «ለልደቷ እኔም አብሬያት መጫወት እፈልጋለሁ። ከመረጠቻቸው ሦስቱ መጫወቻዎች ቢያንስ ሁለቱን ከእሷ ጋር እገባለሁ፤ ያኔ ልጁን አንተ ትይዝልኛለህ።» ይኸው ነው። ማብራሪያ አትጨምሪበት፣ ይቅርታም አትጠይቂበት። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ቃሉን የሚያከብር አባት ነው፤ ሲነገረው እንደሚሰማ እገምታለሁ።

ሕፃኑም የሚሳፈርባቸው ነገሮች አሉ። ቀስ ብለው የሚሄዱ ጀልባዎች፣ ፓርኩን የሚዞረው ባቡር፣ በፈረስ ቅርጽ የሚሽከረከረው መጫወቻ ብዙ ጊዜ ጨቅላ ሕፃን ይፈቅዳሉ። የሚሽከረከረው ላይ አንዳንድ ጊዜ የማይነሣ የማይወርድ ወንበር ስላለ እሱ ላይ ታቅፈሽው ተቀመጪ። በብዙ መጫወቻዎች ሕፃኑ በማዘያ ታስሮ መሳፈር አይፈቀድም፤ አውጥተሽ ጭንሽ ላይ ማስቀመጥ አለብሽ። ጨለማ ዋሻ ውስጥ የሚያልፉትንና ድንገተኛ ድምፅ ያለባቸውን ተይ። ትልልቅ ጭንብል አጥልቀው የሚዞሩትን ገጸ ባሕርያትም ልጅሽ በጣም ሊፈራ ይችላል፤ ትልቋ ሄዳ ፎቶ ትነሣ፣ እሱ ከሩቅ ይያቸው።

ስለ ፀሐይና ሙቀት ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ሰፊ ጠርዝ ያለው ኮፍያና ሳሳ ያለ እጅጌ ረጅም ልብስ አልብሺው። ዕድሜው ከ6 ወር ስላለፈ ያልተሸፈነ ቆዳው ላይ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ትችያለሽ፤ ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድመሽ በትንሽ ቦታ ሞክሪው፣ በዕለቱ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። ጋሪው ላይ ግን ነጠላም ሆነ ብርድ ልብስ አታልብሺበት። እናቶች ፀሐይ እንዳይመታው ብለው የሚያደርጉት ነው፤ ስስ ጨርቅ ቢሆን እንኳ አየሩን ዘግቶ ውስጡን ያግላል፣ የልጁንም ፊት ይጋርድብሻል። የጋሪውን የራሱን ጥላ ተጠቀሚ። በማዘያ ስትይዢው ፊቱ ይታይሽ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፣ ጎንበስ ብለሽ ግንባሩን መሳም የምትችይበት ከፍታ ላይ ይሁን። የሁለታችሁ ሙቀት ስለሚደራረብ በየጊዜው አውጥተሽ አናፍሺው።

ከወትሮው ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ከ6 ወር በኋላ ጥቂት ውኃም መጎንጨት ይችላል። አንቺ ራስሽ ውኃ ጠጪ፤ ይህን የምጽፈው የምታጠባ እናት ለሁሉም አጠጥታ ራሷን እንደምትረሳ ስለማውቅ ነው። ዳይፐሩ ለሰዓታት ደረቅ ከሆነ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካልወጣው፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም እንደ ልማዱ ካልነቃ ቀኑ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የፓርኩን የሕክምና ቦታ ፈልጊ።

የስምንት ወር ልጅ ጡት እየጠባ ዞር ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ ማየት ይፈልጋልና በመንገድ ዳር አጥግቦ ማጥባት ያስቸግርሻል። ብዙ ትልልቅ ፓርኮች ለዚሁ የተዘጋጀ ክፍል አላቸው። በዲዝኒ ፓርኮች ለምሳሌ የሕፃናት እንክብካቤ ማዕከል አለ፤ ጸጥ ያለ የማጥቢያ ክፍል፣ የዳይፐር መቀየሪያ፣ ሕፃን የሚመገብበት ከፍ ያለ ወንበርም ይገኝበታል። ገና እንደገባችሁ ይህ ቦታ ካርታው ላይ የት እንዳለ እዪ። የታለበ የጡት ወተት ከያዝሽ፣ በረዶ ባለበት ቅዝቃዜ መያዣ ቦርሳ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከወጣ በኋላ ግን ሳታቆዪ ስጪው። የዱቄት ወተት የምትጨምሪ ከሆነ ዱቄቱን ለብቻ ለክተሽ ያዢና ሲያስፈልግ በጥብጪ፤ የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ልጁ መጠጣት ከጀመረው ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ ያልቅ፣ የተረፈውን ድፊው።

ቦርሳሽ ትንሽ ይሁን። በየሰዓቱ አንድ ዳይፐር ቆጥረሽ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ጨምሪ፤ እርጥብ መጥረጊያ፣ ለልጁ ሁለት ቅያሪ፣ ለራስሽ አንድ ሸሚዝ፣ የቆሸሸ የሚገባበት ፌስታል፣ የለመደው ምግብ። አዲስ ምግብ በዚያ ቀን አታስጀምሪው። ቦርሳውን የጋሪው እጀታ ላይ አትስቀዪ፤ ልጁን ስታነሺው ጋሪው ወደኋላ ይገለበጣል። ከሥሩ ባለው ቅርጫት ውስጥ ይግባ።

ስለ ጋሪው አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ጀርባው ተዘርግቶ የሚያስተኛ ይሁን። ፓርኮች የመጠን ገደብ አላቸው፤ በአሜሪካ ያሉት የዲዝኒ ፓርኮች ለምሳሌ ስፋቱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ጋሪ አያስገቡም። መጫወቻ በገባችሁ ቁጥር ጋሪው ውጭ ይቆማል፤ ሠራተኞቹም ቦታውን ሊቀይሩት ይችላሉ። መቶ ተመሳሳይ ጋሪ መካከል ቶሎ እንድታገኙት ደማቅ ጥብጣብ እሰሩበት፣ ገንዘብና ስልክ አትተዉበት። ትኬት ስትገዙ ደግሞ የሕፃን ዋጋ በስንት ዓመት ወይም በምን ያህል ቁመት እንደሚጀምር ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ጨቅላ በነፃ ይገባል።

ትልቋንም አትርሺ። ጠዋት ስትወጡ በለበሰችው ልብስ ፎቶ አንሺያት፣ የሁለታችሁን ስልክ ቁጥር ክንዷ ላይ ጻፊላት። ልጅ የሚጠፋው ሁለቱም ወላጆች ወደ ሕፃኑ ባጎነበሱበት በዚያች ደቂቃ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን ወደ እሱ እንደሚዞር፣ ማን የእሷን እጅ እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ተከፋፈሉ።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጪና ትልቋን ጫማዋን አስጫምተሽ ግድግዳ አጠገብ አቁመሽ ለኪያት። ማታ ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ። ስትመለሱ ጻፊልኝ፤ ማወቅ የምፈልገው የመጀመሪያው ባቡር ላይ ከጎኗ የተቀመጠው ማን እንደነበር ነው።